ሰላምታ የከለከለው ምልልስ

መሐል ሜዳ ላይ የቴክኖሎጂ ድርጅት መክፈት ዘበት እንደሆነ ለትሕትና ያልነገራት ሰው የለም። እሷም ሰምታለች። ግን የሰማችውን ሁሉ የምትታዘዝ ቢሆን ኖሮ ደብረ ብርሃን ላይ የነበራትን የኮሌጅ መምህርነት ለቅቃ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወደ ትውልድ ከተማዋ አትመለስም ነበር። በጥቃቅንና አነስተኛ ልትደራጅ ስትሄድ መዝጋቢው «የስልክ መተግበሪያ» የሚል ዘርፍ ቅጹ ላይ ቢፈልግ አጣ፤ ትንሽ አሰበና «ኤሌክትሮኒክስ ጥገና» ብሎ ጻፋት። በሁለት የእንጨት ሥራ ማኅበራት መካከል አንዲት የቆርቆሮ ሼድ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው የተበላሸ ሬዲዮ አቅፎ ይመጣባታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ታስረዳ ነበር፤ ኋላ ግን ከማስረዳት መጠገን ቀለላት።

አጋሯ ሙሐመድያሲን ነው። ከመንዝ ዳገት ግርጌ ካለች የቆላ ከተማ የመጣ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ አብሯት የተማረ። ኮዱን የሚጽፈው እሱ ነው፤ ሰው የምታነጋግረው እሷ ናት። የመንዝን ብርድ በሁለት ጋቢ ይመክተዋል፤ ከጋቢው ውጭ የሚታዩት ዓይኖቹና አሥር ጣቶቹ ብቻ ናቸው። «ይህ አገር ለበግ ነው የተፈጠረው» ይላል ሁልጊዜ፤ ይላል እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ሁለቱ ተጋግዘው የሠሩት ነገር «ምልልስ» ይባላል። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በስልካቸው የሥራ መልእክት የሚለዋወጡበት መተግበሪያ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ ጽሑፉን አቆይቶ፣ ምልክት ባገኘ ጊዜ ያደርሳል። ሁሉ ነገሩ ደኅና ነበር፤ አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ሰው ሁሉ «መረዋ» የሚባለውን ይጠቀማል። መረዋ የአንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ኩባንያ ነው፤ ከዓለም ከተማ እስከ ራቤል ዘመናዊ ስልክ ባለው ሰው ኪስ ውስጥ ሁሉ አለ። ስለ ምልልስ ስታስረዳ ሰዎች አንገታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ያዳምጧትና መጨረሻ ላይ «ገባኝ፣ እንደ መረዋ ነው» ይሏታል። በዚህች ቃል ሰላሳ ሦስት ጊዜ ተሸንፋለች።

ሰላሳ አራተኛው በር የአዱኛ ገበሬዎች ዩኒየን ነበር። አዱኛ አሥራ ዘጠኝ መሠረታዊ ማኅበራት አሉት፤ ገብስ ይሰበስባል፣ ማዳበሪያና ዘር ያከፋፍላል፣ በግ ለነጋዴ ያቀርባል። አዱኛ ከወሰደው ሌሎቹም ይከተላሉ። ካልወሰደው ደግሞ ምልልስ አበቃለት፤ ምክንያቱም ሙሐመድያሲንን የመረዋ ኩባንያ ራሱ ሥራ ሰጥቶታል። መልሱን እስከ የካቲት መጨረሻ ይጠብቁታል። እሱም አልደበቃትም።

«ዩኒየኑ እምቢ ካለ እሄዳለሁ ትሕትና። አባቴ ከዚህ በላይ አይታገሠኝም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ደከመኝ።»

አልተቀየመችውም። ያለ እሱ ግን ምልልስ ካህን እንደሌለው ደብር መሆኑን ታውቃለች፤ እሷ ደወሉን መደወል እንጂ መቀደስ አትችልም።

የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ አፈወርቅ ይባላሉ። ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ፣ ቃል የሚመርጡ ሰው ናቸው። ለምን አዲስ ነገር መፈለግ እንደጀመሩ ለትሕትና ሲነግሯት ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ማለዳ ለማኅበራቱ ሁሉ በመረዋ አንድ መልእክት ልከዋል፤ «የበጉ መኪና የሚመጣው ሐሙስ ሳይሆን ማክሰኞ ነው» የሚል። ዕለቱ በዓል ነው። አንዱ እንኳን አደረሳችሁ አለ፤ ሌላው እንኳን አብሮ አደረሰን አለ፤ ሦስተኛው የመልአኩን ሥዕል ላከ፤ አራተኛው ከዚያ የሚበልጥ ሥዕል ላከ። ረፋድ ላይ መልእክቱ ከመቶ አርባ ሰላምታ በታች ተቀብሯል። ማክሰኞ መኪናው መጣ፤ በግ የለም፤ ነጋዴው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ያልተናገረው ነገር አልቀረም።

«ከዚያ ግምገማ ተቀመጥን» አሉ አቶ አፈወርቅ። «ሁሉም በየተራ ግለ ሂስ አደረገ። እኔም አደረግሁ። መጨረሻ ላይ በጥፋተኝነት የወጣው ሰላምታ ነው። እንግዲህ ሰላምታ ላይ ምን እርምጃ ይወሰዳል?»

ትሕትና ከወንበሯ ልትነሣ ምንም አልቀራትም። ስትፈልገው የኖረችው ነገር ይኸው! መረዋን በዝና አትችለው፣ በገንዘብ አትችለው፤ ግን መረዋ የማያደርገውን አንድ ነገር ማድረግ ትችላለች። ወደ ሼዱ ስትመለስ መፈክሩ በጭንቅላቷ ተሰክቶ ነበር። «መረዋ ለወሬ፣ ምልልስ ለሥራ!»

«ሰላምታ የሚያግድ እንሥራ» አለችው ሙሐመድያሲንን። «እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ይህን ይህን ካየ መልእክቱን አያስተላልፍ።»

«ሰው አይከፋውም?»

«መንዜ ቁም ነገር ይወዳል።»

እሷ ራሷ መንዝ ተወልዳ መንዝ ያደገች መሆኗ ነው የሚገርመው። የሰው ልጅ አንድ ጊዜ መፈክር ካማረው የገዛ እናቱን ጠባይ ይረሳል። ሙሐመድያሲን በሁለት ቀን ጻፈው። ሰላምታ የጻፈ ሰው ከስልኩ ላይ በቀይ «ይህ የሥራ መልእክት አይደለም» የሚል ምላሽ ያገኛል። አቶ አፈወርቅም ነገሩን ወደዱትና ከጥር አጋማሽ ጀምሮ በዋናው መጋዘንና በአራት ማኅበራት ላይ እንዲሞከር ፈቀዱ፤ ከመረዋና ከምልልስ የትኛው የዩኒየኑ ይሁን የሚለውን የካቲት ላይ ቦርዱ ይወስናል ተባለ።

በመጀመሪያው ቀን አራት መልእክት ተላከ። ሁለተኛው ቀን አንድ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጸጥ አለ። ትሕትና ራሷ «የዘር ክምችታችሁን አሳውቁ» እያለች ትጽፋለች፤ የሚመልስላት የለም። ለመጋዘኑ ኃላፊ ለአቶ ተገኘ ብቻውን ሦስት ጊዜ ጻፈችለት፤ ሦስተኛውን ጠንከር አድርጋ «መልስ እየተጠበቀ ነው» አለችው። ምንም። በመረዋ በኩል ግን እነዚያው ሰዎች እንደ ወትሮው ይንጫጫሉ። በስምንተኛው ቀን ለራቤሏ ማኅበር ጸሐፊ ለወይዘሮ ጥሩሸዋ ደወለችላቸው። ስለ ጤናዋ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ መሐል ሜዳ ውርጭ ጠየቋት፤ ምልልስን ስታነሣ ግን «እሱን ስትመጪ እናወራዋለን» ብለው ዘጉ።

«ስትመጪ አሉኝ» አለች ስልኩን እያየች። «ልመጣ ነው አላልኩም እኮ።»

«እንግዲህ ተጠርተሻል» አለ ሙሐመድያሲን፣ ጋቢዎቹን እያጠባበቀ።

በማግሥቱ አብረው ወደ ራቤል ወጡ። ወይዘሮ ጥሩሸዋን በማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ በገብስ ዘር ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው፤ አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ፣ ሰውን ሲያዩ ዓይን ዓይኑን የሚያዩ ሴት ናቸው። ሁለቱን እስኪበቃቸው ድረስ ጠየቁ። ሙሐመድያሲንን ከነአባቱ ሱቅ፣ ከነእኅቶቹ ጠየቁት። የተቆላ ገብስ በሰፌድ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነገሩ የመጡት።

«የኔ ልጅ፣ የመጀመሪያው ቀን ከፈትኩና እንደምን አደራችሁ ብዬ ጻፍሁ። የሥራ መልእክት አይደለም አለኝ። ቀይ አድርጎ! እንደምን አደራችሁ ብዬ ያልመለሰልኝ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እንደምን አደራችሁ ለምን አልሽ ብሎ የገሠጸኝ ግን በዕድሜዬ የለም። ሰላምታ እኮ የእግዜር ነው። ደም የተቃባ እንኳ መንገድ ላይ ሰላምታ አይከለካከልም።»

«ሥራው እንዳይጠፋ ብለን ነው እትዬ» አለች ትሕትና።

«ሥራው? ቆይ እኔ ልጠይቅሽ። የተገኘ እናት ማረፋቸውን ሰምተሻል?»

አልሰማችም። ያን ጊዜ «መልስ እየተጠበቀ ነው» ያለችው ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ። የላከችው እናቱን ለቀበረ ሰው ነው።

«እርስዎ በምን አወቁ?» አለ ሙሐመድያሲን።

«ሰኞ በመረዋ እንደምን አደራችሁ አላለማ! ተገኘ እኮ ዶሮ ሳይቀድመው ነው እንደምን አደራችሁ የሚለው። ማክሰኞም አላለም። ይሄ ሰው ደኅናም አይደል ብዬ ጎረቤቱ ጋ አስደወልሁ። ረቡዕ ልቅሶ ደረስን። እዚያው የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጠንና ዘሩን አወጣን፤ ይኸው የተቀመጥሁበት ነው። በናንተ ቢሆን ኖሮ ዘሩ እዚያው መጋዘን ውስጥ ይበቅል ነበር።» ሴትዮዋ በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ደግሞ ትሕትና እንዳይከፋት ብለው በእፍኝ ቆሎ ዘገኑላት።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ትሕትና በመስኮት የምታየው አልነበራትም፤ ሐፍረት ነው የሚያንገበግባት። ስንት ዓመት የሰማችውን የማለዳ ሰላምታ እንደ ጉድፍ ጠርጋ ልትደፋው ነበር። እነዚያ መቶ አርባ ሰላምታዎች ወሬ አልነበሩም። ማን ደኅና አደረ፣ ማን ታመመ፣ የማን መንደር ኔትወርክ ጠፋ፣ ማን ዛሬ ለሥራ አይገኝም፣ ሁሉም በውስጣቸው ነው። ሰዎቹ በየቀኑ እየተቆጣጠሩ ነበር፤ ተቆጣጣሪ ሳይሾምባቸው።

«እኛ እኮ» አለች ድንገት፣ «ሥራውን ራሱን ነው የከለከልነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ሙሐመድያሲን። ቀጥሎ ግን ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና በአውቶቡሱ ቲኬት ጀርባ ላይ መሳል ጀመረ። ቲኬቱ ሲያልቅ የእሷን ተቀበላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በትሕትና ዕድሜ ከጣፈጡት መካከል ናቸው። ሬዲዮ ያመጣን ሰው «ለሳምንት ተመለስ» እያሉ ሲሠሩ ዋሉ። አዲሱ ምልልስ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የሰላምታ ነው፤ ማለዳ እያንዳንዱ ማኅበር እንደምን አደራችሁ ሲል ስሙ በዝርዝሩ ላይ ይበራል፤ ሥዕልም ይሁን ምርቃት የፈለገውን ይላል፣ ማንም አይገስጸውም። ሌላው የሥራ ነው፤ እዚያ የገባ መልእክት በምንም አይቀበርም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሰላምታ ያላለ ሰው ስም ከሁሉ በላይ ይወጣል፣ «ዛሬ ድምፃቸው ያልተሰማ» ከሚል ርእስ ሥር። ትሕትና አቶ ተገኘን ቤቱ ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው። «መልስ እየተጠበቀ ነው ያልሽኝን ለቀስተኞቹ ሁሉ አይተውታል» አላት፤ ደግነቱ እየሳቀ ነበር።

ሼዱ በር ላይ ለጥፋው የነበረውን ያን መፈክርም ነቅላ ጣለችው። «ታዲያ ከመረዋ በምን ትለያላችሁ ሲሉን ምን እንላለን?» ቢላት ሙሐመድያሲን፣ መልሱ አላስቸገራትም። «ማን እንደቀረ እናውቃለን እንላለን።»

አራቱ ማኅበራት ተመለሱ። ሳይጠየቁ ሌሎች ሰባት ተጨመሩ፤ ወሬው በልቅሶና በገበያ ነው የተዛመተው። በየማለዳው ዝርዝሩን ከፍታ ስሞቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ማየት ለትሕትና ቁርስ ሆናት። ነገር ግን ቦርዱ ገና አልወሰነም፤ የካቲትም እያለቀ ነው።

የውሳኔው ቀን ዓርብ ዋለ። የዩኒየኑ አዳራሽ በቦርድ አባላትና በማኅበራት ጸሐፊዎች ሞላ። አስቀድሞ የተናገረው የመረዋ ወኪል ነው፤ ከአዲስ አበባ በኩባንያው መኪና የመጣ፣ ሸሚዙ የጸዳ፣ አንደበቱ የተገራ ወጣት። ምስል በምስል መነጋገርን፣ መቶ ሰው በአንድ ላይ ማወያየትን አሳየ። መረዋ መጥፎ ነገር አልነበረም፣ ለምን ይዋሻል፤ አንዳንዱን ሲያይ ሙሐመድያሲን እንኳ ከንፈሩን ነክሷል። ከዚያ ትሕትና ተነሣች። ያዘጋጀችውን ንግግር ከመጀመሯ በፊት የዕለቱን ዝርዝር ግድግዳው ላይ አበራችው። አሥሩ ስሞች በርተዋል። አንድ ስም ብቻ ከላይ ወጥቷል፤ ራቤል፣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

ይህን አላቀደችውም። ሰዓቱ አራት አልፏል።

«ጥሩሸዋ ምን ሆነች?» አሉ አቶ አፈወርቅ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«ጥሩሸዋ? እሷ ቀርታ አታውቅም!» አለ ከኋላ ተገኘ። እሱ ስልኩን ሲያወጣ ሌሎቹም አወጡ። አንዱ ራቤል ደወለ፣ አንዱ የወንድማቸውን ልጅ ስልክ ፈለገ፣ ሌላው የሚያውቀውን ሾፌር ጠራ። ስብሰባው ገበያ ሆነ። ትሕትናም ንግግሯን ረስታ እንደ ሌላው ትደውላለች፤ እኒያ ሴት አንድ ነገር ሆነው እንደሆነስ? የመረዋው ወኪል የሚያየው ጠፍቶት መሐል ላይ ቆሟል።

ወሬው ከሦስት አቅጣጫ መጣና ገጠመ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ለዚሁ ስብሰባ ብለው በንጋቱ አውቶቡስ ተነሥተዋል፤ ኔትወርክ ከማይደርስበት አንድ ቁልቁለት ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ፈንድቷል፤ ተሳፋሪው በእግሩ እየመጣ ነው። አቶ አፈወርቅ የዩኒየኑን ፒካፕ ላኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሴትዮዋ እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ፤ ከእሳቸው ሌላም አራት ተሳፋሪ ተጭኖ መጥቷል።

«አርባ ጊዜ ነው እንዴ የምትደውሉልኝ? ምን ሆናችሁ?» ብለው ገቡ። ከዚያ ከበሩ ጀምረው አንድ ሰው ሳይዘሉ ሁሉንም ሰላም አሉ። ወኪሉ ጋ ሲደርሱ «ከየት ነህ ልጄ? እናት አባትህ ደኅና ናቸው?» አሉት። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጣቸው።

ስብሰባው እንደገና ጸና። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ አወቀ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው «እንግዲህ ነገሩን በዓይናችን አየነው» አሉ። ያን ጊዜ ወኪሉ እጁን አወጣ። ሞኝ አልነበረም።

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም ተምሬበታለሁ» አለ። «ይህን እኛ በአንድ ወር ውስጥ መረዋ ላይ እናስገባዋለን። እንዲያውም ይህን የጻፈው ወንድማችን ከሰኞ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነው የሚሠራው። ለምን ከሁለት ቦታ ትደክማላችሁ?»

አቶ አፈወርቅ ወደ ትሕትና ዞሩ። «እውነት ነው?»

ትሕትና መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «ሥራ ሰጥተውታል። እውነት ነው» አለች። ይህን ስትል ሁሉም ነገር ከእጇ ሲወርድ ተሰማት። ዩኒየኑ ሙሐመድያሲን እዚሁ መቆየቱን ሳያውቅ ምልልስን አይወስድም፤ ሙሐመድያሲን ደግሞ ዩኒየኑ ካልወሰደ አይቆይም። ወደ እሱ ማየት አልቻለችም፤ ለምና ያስቀረችው እንዳይመስል ነው።

ሙሐመድያሲን ከወንበሩ ተነሣ። የላይኛውን ጋቢ አውልቆ ወንበሩ ላይ አደረገ።

«ሰኞ አልመጣም» አለው ወኪሉን። «ሰኞ ራቤል ነኝ። የወይዘሮ ጥሩሸዋ ስልክ አርጅቷል፣ አዲስ ሊገዙ ነው፤ ምልልስን የምጭንላቸው እኔ ነኝ።»

«ሰኞማ አልመችህም ልጄ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከተቀመጡበት፣ እግራቸውን እያሹ። «ሰኞ ተዝካር አለብኝ። ማክሰኞ ና።»

«እሺ፣ ማክሰኞ።»

አቶ አወቀ በትራቸውን ወለሉ ላይ አቆሙና «ምልልስ ይሁን የምትሉ» ብለው ጠየቁ። ትሕትና አዳራሹን የሞሉትን እጆች ልትቆጥር ዞረች፤ ዓይኗ በእንባ ስለተሞላ ግን አንዱንም መለየት አልቻለችም።